የሎስ አንጄለስ ካውንቲ ሸሪፍ መሥሪያ ቤት

የሎስ አንጄለስ ካውንቲ ሸሪፍ መሥሪያ ቤት በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኝ፣ ሕግ የሚያስከብር፣ እስር ቤቶችን የሚያስተዳድርና ፍርድ ቤቶችን የሚጠብቅ ተቋም ነው። ካውንቲ ከግዛት ቀጥሎ ያለ የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ በሎስ አንጄለስ ካውንቲ ወደ 10 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖራል። መሥሪያ ቤቱ ከ15,000 በላይ ሠራተኞች ያሉት ሲሆን በአሜሪካ ካሉት የሸሪፍ መሥሪያ ቤቶች ትልቁ ነው። ኃላፊው ሸሪፍ ይባላል። ሸሪፉ እንደ ከተማ ፖሊስ አዛዥ አይሾምም፤ በሕዝብ ይመረጣል።

ስያሜ

ቃሉ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የአውራጃ ሹም» እንደማለት ነው። «የተከበረ» ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ሸሪፍ» ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም።

ታሪክ

መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1850 ሲሆን፣ ይህም ካሊፎርኒያ የአሜሪካ ግዛት ከመሆኗ ከጥቂት ወራት በፊት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ጆርጅ ቡሪል የመጀመሪያው ሸሪፍ ሆነው ተመረጡ። ሥራውን የጀመሩት በሁለት ምክትሎች ብቻ ነበር። አካባቢው በወቅቱ ሽፍታ የበዛበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1857 ሸሪፍ ጄምስ ባርተን ወንበዴዎችን ሲያሳድዱ ከተከታዮቻቸው ጋር ተገደሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ማርጋሬት አዳምስ የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ሸሪፍ ሆኑ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሸሪፎች ለረጅም ጊዜ በሥልጣን ይቆዩ ነበር። ዩጂን ቢስካይሉዝ ከ1932 እስከ 1958፣ ፒተር ፒቸስ ደግሞ ከ1958 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. አገልግለዋል።

የሥራ ክልል

ካውንቲው 88 ከተሞች አሉት። የሸሪፉ መሥሪያ ቤት በየትኛውም ከተማ ሥር ያልታቀፉ ሰፈሮችን ይጠብቃል። ከዚህ በተጨማሪ የራሳቸው ፖሊስ ለሌላቸው ከ40 በላይ ከተሞች በውል ክፍያ አገልግሎት ይሰጣል። ይህን አሠራር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1954 ከተማ የሆነችው ሌክዉድ ናት። ትንንሽ ከተሞች ፖሊስ ማቋቋም ሳያስፈልጋቸው ራሳቸውን ለማስተዳደር ስለቻሉ ብዙዎች የእርሷን ፈለግ ተከትለዋል።

የሎስ አንጄለስ ከተማ ግን የራሱ ፖሊስ አለው። ለምሳሌ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው «ትንሿ ኢትዮጵያ» በከተማው ክልል ውስጥ ስለሆነች የሚጠብቃት የከተማው ፖሊስ ነው። ይኸው ጎዳና ወደ ሰሜን ዘልቆ ዌስት ሆሊዉድ ሲደርስ ግን ጥበቃው የሸሪፉ ይሆናል።

አደረጃጀት

ከሸሪፉ ቀጥሎ ዋና ምክትል አለ፤ ከእርሱ በታች ረዳት ሸሪፎችና የክፍል አዛዦች ይገኛሉ። መደበኛ መኮንኖቹ ምክትል ሸሪፍ ይባላሉ። ዋና ዋናዎቹ ሥራዎች የአካባቢ ጥበቃ፣ የወንጀል ምርመራ፣ የእስር ቤት አስተዳደርና የፍርድ ቤት ጥበቃ ናቸው። በእስር ቤቶቹ በየቀኑ ከ10,000 በላይ ሰዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ፍርዳቸውን ገና የሚጠብቁ ናቸው።

ተጠያቂነት

የሸሪፉን በጀት የሚያጸድቀው አምስት አባላት ያሉት የካውንቲው የተቆጣጣሪዎች ቦርድ ነው። ሆኖም ሸሪፉ በሕዝብ የተመረጠ ስለሆነ ቦርዱ ለረጅም ጊዜ እርሱን የማሰናበት ሥልጣን አልነበረውም። በመካከሉ ሸሪፉ ቢያጠፋ ማን ይጠይቀዋል የሚለው ጥያቄ በተለይ በእስር ቤቶቹ ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። የፌዴራል መርማሪዎች በእስረኞች ላይ የሚደርስን ድብደባ ሲመረምሩ መሥሪያ ቤቱ ሥራቸውን አሰናከለ። ከ1998 ጀምሮ ሸሪፍ የነበሩት ሊ ባካ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥልጣን ለቀቁ፤ በ2017 ፍትሕን በማደናቀፍና ለመርማሪዎች በመዋሸት ጥፋተኛ ተብለው የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ዋና ምክትላቸው የነበሩት ፖል ታናካም አምስት ዓመት ተፈርዶባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከሲቪል ነዋሪዎች የተውጣጣ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ2020 መራጮች ለኮሚሽኑ ምስክርና ሰነድ አስገድዶ የማስቀረብ ሥልጣን ሰጡት። ከ2018 ጀምሮ ሸሪፍ የነበሩት አሌክስ ቪያኑዌቫ ከኮሚሽኑና ከቦርዱ ጋር በተደጋጋሚ ተጋጭተዋል። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. መራጮች ቪያኑዌቫን በሮበርት ሉና ተኩ። በዚያው ምርጫ ከቦርዱ አምስት አባላት አራቱ ከተስማሙ ሸሪፍን በበቂ ምክንያት ማሰናበት እንዲችሉ የሚፈቅደው ሐሳብ ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ ጸደቀ።