የድርቆሽ ታሪክና የጎጃም በሬ



ስለ አገር ታሪክ በተነገረ ቁጥር የነገሥታት ዘመንና የጦር ሜዳ ውሎ ቀድሞ ይነሣል። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ንጉሡም ጭፍራውም፥ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የምንውለውም ሁላችን፥ እንጀራችን የሚገኘው በሬ ካረሰው መሬት ነው፤ በሬውም የሚያርሰው ሣር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናወሳው ታጭዶና ደርቆ ለችግር ቀን ስለሚቀመጠው ሣር፥ ማለት ስለ ድርቆሽ ታሪክ ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የአውሮፓ ናቸው ካላልን በቀር፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በመስከረም መጨረሻ ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለምለም ሣር ሲወዛወዝ ያያል። በዚያው መንገድ በግንቦት ሲመለስ ግን መስኩ ተግጦ፥ የበሬውም የጎድን አጥንት የሚቆጠር ሆኖ ያገኘዋል። ይልቁንም የሚያሳዝነው፥ በሬው እጅግ የሚከሳው የክረምቱ እርሻ በሚጀመርበት፥ ጉልበቱም ከመቼውም ይልቅ በሚፈለግበት ወራት መሆኑ ነው። የሣር ጥጋብና የሥራ ወራት አልተገናኙም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ድልድይ ድርቆሽ ነው።

በሬ ሲታጣ አገር ምን እንደሚደርስበት አባቶቻችን በክፉ ቀን አይተዋል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በየአውራጃው ተዛምቶ ከከብቱ እጅግ የሚበዛውን ፈጀ። ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። መሬቱ በቦታው ሳለ፥ ገበሬውም ሙያውን ሳይረሳ፥ የሚጠመድ በሬ ስለ ጠፋ ብቻ ብዙ ማሳ ጦም አደረ። ዳግማዊ ምኒልክ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸው በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ያን ጊዜ በሬውን የገደለው በሽታ ነበር እንጂ የመኖ ማጣት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ የበሬው ጉልበት ሲደክም የአገሩ ጉልበት ይደክማል።

ለምዕራብ ጎጃም ሰው ቅርብ የሆነ ሌላም ምስክር አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፥ አብሮ የዘመተው ጦር ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው ከሱዳን በተሰበሰቡ 15 ሺህ በሚያህሉ ግመሎች ላይ ነበር። ጠላት በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ ድሉ ተገኘ፤ ግመሎቹ ግን የደጋው ብርድ፥ ያልለመዱት መኖና የጉዞው ድካም ተባብረውባቸው ከጥቂቶቹ በቀር በየመንገዱ አለቁ። ጀግናው በታሪክ ይዘከራል፤ ጭነቱን የተሸከመው እንስሳ ምን በላ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የጎጃም ገበሬ የድርቆሽን ጥቅም ያጣው አይደለም። ከቤቱ አጠገብ ሣሩን ክልክል አድርጎ ከከብት ይጠብቃል፤ በማጭድ ያጭዳል፤ በመንሽ ያገላብጣል፤ ከዚያም ይከምራል። ጉድለቱ ያለው ከጊዜው ላይ ነው። ሣሩ ለመታጨድ በሚደርስበት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ዝናቡ ገና ፈጽሞ አላባራም፤ ታጭዶ የተጣለ ሣር ሊበሰብስ ይችላል። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የበርበሬው ለቀማ፥ የበቆሎውና የጤፉ አዝመራ በአንድነት ይደርሳሉ። ደቦውም ወንፈሉም ወደ ሰብሉ ይሄዳል። ሣሩ ወረፋውን ሲጠብቅ ያፈራል፥ ዘሩን ያራግፋል፥ ቢጫ ይሆናል። እንግዲህ ዘግይቶ ማጨድ ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ከእጅ ማነስና ከፀሐይ ማጣት የመጣ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ገበሬውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይሁን እንጂ የመዘግየቱ ዋጋ ከባድ ነው። ሣር እያረጀ ሲሄድ ፕሮቲን የተባለው ገንቢ ምግብ እያነሰ፥ እንጨትነቱ እየበዛ ይሄዳል። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ በታች ሲወርድ በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ሆነው መኖውን የሚያብላሉት ደቃቅ ሕዋሳት ሥራቸው ይዳከማል። በዚህም ምክንያት በሬው ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይከሳል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ምሳሌያችን ለሌላ ነገር ቢነገርም ለአጫጅም የሚሆን ምክር ነው።

በጊዜው የታጨደውም ሣር ቢሆን በአግባቡ ካልደረቀ ይጠፋል። ከመቶው 75 እጅ ውኃ የሆነ አንድ ኩንታል እርጥብ ሣር ለክምር እንዲበቃ 70 ኪሎ ያህል ውኃ ሊወጣለት ይገባል። የታጨደ ሣር ወዲያው አይሞትም፤ ብዙው እርጥበት እስኪወጣ ድረስ እየተነፈሰ በውስጡ ያለውን ስኳር ይበላል። በጠባብ ተርታ ተከምሮ ከዋለ ላዩ ሲደርቅ ታቹ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። እርጥቡን የከመሩት እንደ ሆነ ይግላል፥ ይሻግታል፤ አንዳንዴም ከራሱ ሙቀት የተነሣ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ምሥጢሩ እንደ ታጨደ ወዲያው በሰፊው መበተንና ደጋግሞ መገልበጥ ነው።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አልነበረም። ዝናብ የማይለየው የእንግሊዝ አገር ገበሬም ለብዙ ዘመን በመንሽ ሲያገላብጥ ኖሯል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የወበርኑ ሮበርት ሳልመን በፈረስ የሚጎተት፥ ባለ ሁለት መንኰራኵር የሣር መበተኛ መኪና ሠራ። መንኰራኵሮቹ ሲዞሩ ጥርሶቹ ሣሩን እያነሡ ይበትኑት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ፈረሱ ቦታውን ለትራክተር ለቀቀ።

ዛሬ የሚሠራበት ሰፊ መገልበጫ በአንድ ወርድ የተሰለፉ ብዙ ተሽከርካሪዎች አሉት። ከትራክተሩ በሚመጣ ኃይል ሲዞሩ፥ እንደ ሽቦ የሚለጠጡት የብረት ጥርሶች ሣሩን ከመሬት አንሥተው ወደ ኋላ በእኩል ይበትኑታል። አንዳንዱ ወርዱ ከ10 ሜትር ያልፋል፤ በመንገድ ሲሄድ ይታጠፋል። ጥቅሙ የፀሐዩን ሰዓት ማትረፍ ነው፤ ሰማዩ በጠራባቸው ጥቂት ሰዓታት ብዙ መስክ ያዳርሳል። ጥንቃቄ ግን ያሻዋል። ፕሮቲኑ የሚበዛው በቅጠሉ ላይ ስለ ሆነ፥ እጅግ የደረቀውን ሣር በኃይል ቢመቱት ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ወደ መድረቁ የተቃረበውን፥ ይልቁንም ጥራጥሬ ነክ መኖን፥ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ቀስ አድርጎ መገልበጥ ይሻላል።

በአገራችንም ለመኖ መሻሻል የተደረገው ጥረት ብዙ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1939 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የመልሶ ማቋቋም እርዳታ የውጭ አገር የወተት ላሞች ሲመጡ፥ ጥሩ ላም ያለ ጥሩ መኖ ከንቱ መሆኗ ተገለጠ። በ1950ዎቹ ዓመታት በባሕር ዳር አቅራቢያ የአንዳሳ የከብት ጣቢያ ተቋቋመ። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ከዘርና ከማዳበሪያ ጋር የመኖ ተክልንም ለገበሬው አስተማረ። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ትራክተር በየመንግሥት እርሻው በብዛት ታየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የቡሬ ወረዳ የገበሬውን ምርት ከገበያ ጋር ለማገናኘት በተቋቋመ የምርምር ሥራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ሆነ።

እንግዲህ ሰፊውን መኪና ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ገበሬ እንግዛለት ወይ? በዚህ ላይ ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን አለበት። ወርዱ 10 ሜትር የሆነ መኪና በድንበርና በቦይ በተከፋፈለ ትንሽ ማሳ ላይ መዞሪያ አያገኝም። ቦታው እንደ ብር ሸለቆ ባለ ሜዳማ አገር፥ በሰፋፊ እርሻ ላይ ነው። ለትንሹ ገበሬ የሚስማማው ግን በማኅበር የሚያዝ ትንሽ መኪና ነው፤ እሱም ባይገኝ መኪናው የሚያስተምረው ሥርዓት ይበቃዋል። ሥርዓቱም አራት ቃል ነው፤ በጊዜው እጨድ፥ በሰፊው በትን፥ ቶሎ ቶሎ ገልብጥ፥ ደርቆ ሲያበቃ ክመር። ይህን ለመፈጸም መንሽና በጥቅምት የሚወጣ የሁለት ቀን ደቦ ይበቃል። ጤፉ ደቦ እንደሚገባው ሁሉ ሣሩም እንደሚገባው መታወቅ አለበት፤ የከርሞውን ጤፍ የሚያርሰው ይህ ሣር ነውና።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ዕቅድ የሚያዘጋጅ፥ በጀት የሚመድብ፥ ከወረዳ የመጣ መግለጫ የሚመረምር አለ። ስለ መኖ ልማት የተጻፈ ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ፥ ስንት መኪና ተገዛ ከሚለው ጥያቄ በፊት፥ ድርቆሹ መልኩ አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ፥ ሽታው ይጣፍጣል ወይስ ይሻግታል ብላችሁ ጠይቁ። ግንቦት ሲደርስም የበሬውን ጎን ተመልከቱ። መግለጫ ሊያሳምር የሚችል ጸሐፊ ሞልቷል፤ የበሬው ጎን ግን አይዋሽም።