ቶኪዮ፣ ከአበበ ሁለት ቀን በኋላ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ምን እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በኦፕሬሽን ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰና፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ይቺን እየሰማን ነው ያደግነው። ከእሱ በኋላ የገባውን ግን ብዙም አንሰማም። ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ስቴድየሙ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ እዚያው በገዛ ሕዝቡ ፊት እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀደመውና ሦስተኛ ወጣ።

ይሁን፣ ሩጫው የእነሱ አልነበረም። ጁዶው ግን የእነሱ ነበር። የዛሬው ወጌ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 13፣ ስለሆነው ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት እንደ ፈረንጅ ቁጠሩልኝ።)

ብዙዎቻችን ጁዶ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። የጀመረው ጂጎሮ ካኖ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ነው፤ በ1882፣ ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ 12 ምንጣፍ በምትይዝ ክፍል፣ በ9 ተማሪዎች። የድሮውን ጁጂትሱ ወስዶ አደገኛ አደገኛውን እያወጣ ትምህርት አደረገው። በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆነ። የ1940ው ኦሊምፒክ ለቶኪዮ እንዲሰጥ ብዙ ደክሟል። ግን በ1938 ከካይሮው የኮሚቴው ስብሰባ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞተ፤ ኦሊምፒኩንም ጦርነት በላው።

በ1964 ቶኪዮ ተራዋ ሲደርስ ጁዶም አብሮ ገባ። ቡዶካን የሚባለው ትልቅ አዳራሽ የተከፈተው በዚያው በጥቅምት ነው። አራት ወርቅ ቀርቧል። ሦስቱ በክብደት የተከፋፈሉ ናቸው፤ ናካታኒ፣ ኦካኖና ኢኖኩማ ሦስቱንም ለጃፓን አስቀሩ። አራተኛው ክብደት የማይጠየቅበት ነው። ዋናው ክብርም እዚያ ላይ ነበር፣ ምክንያቱም ጥበብ ካለ ጉልበት ምንም አያመጣም የሚለው የጁዶ እምነት የሚፈተነው እዚያ ነው።

ፈታኙ አንቶን ሄሲንክ ነው። የዩትሬክት ልጅ፣ በልጅነቱ የግንባታ ሠራተኛ የነበረ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ98። በ1961 ፓሪስ ላይ ጃፓናዊ ሳይሆን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። «ግዙፍ ስለሆነ ነው» እንዳትሉ ደግሞ። ያሠለጠነው ሚቺጋሚ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ ጃፓን ድረስ ሄዶም ቴንሪ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ጋር ታግሏል። በገዛ እጃቸው ያሳደጉት ሰው ነበር ማለት ነው።

ፍጻሜው ከአኪዮ ካሚናጋ ጋር ሆነ። ካሚናጋ በመጀመሪያው ዙርም በሄሲንክ ተሸንፎ ነበር። በዘጠነኛው ደቂቃ ሄሲንክ ከላይ ተጋድሞበት አንገቱንና ክንዱን ጠቅልሎ ያዘው። በጊዜው ደንብ ተጋጣሚን በጀርባው አስተኝቶ 30 ሰከንድ መያዝ ጨዋታውን ይጨርሳል። ካሚናጋ ታገለ፤ አልተነሣም። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሆላንዳውያኑ ደጋፊዎች በደስታ አብደው ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ፣ ሄሲንክ ገና ከተጋጣሚው ላይ ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ «ቁሙ» አላቸው። ከዚያ ተነሣ፣ ልብሱን አስተካከለ፣ እጅ ነሥቶ ወረደ። እኔ ከጨዋታው ሁሉ የምወዳት ያቺን እጅ ነው። የሰው አገር፣ የሰው ጥበብ፣ የሰው ሐዘን መሆኑን አልረሳም።

ያን ቀን ብዙ ጃፓናዊ አልቅሷል። እኔ ግን ያ ሽንፈት ለጁዶ ከሦስቱ ወርቅ ይበልጣል ባይ ነኝ። አራቱንም ጠራርገው ቢወስዱ ኖሮ፣ «የቤታቸው ጨዋታ ነው፣ እኛ ምን አገባን» ለሚል ሰው መልስ አይገኝም ነበር። ጁዶ በ1968 ከሜክሲኮ ቀረ፤ በ1972 ሙኒክ ላይ ተመለሰና ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ሙኒክ ላይም ሌላው ሆላንዳዊ ቪም ሩስካ ሁለት ወርቅ ወሰደ።

ቂሙን ለመወጣት 57 ዓመት ጠበቁ። በ2021 እዚያው ቡዶካን ጃፓን 9 የጁዶ ወርቅ አፈሰች፤ ወንድምና እህት አቤዎች በአንድ ቀን ሁለቱን ወስደዋል። የመጨረሻው ቀን ወንድና ሴት የተቀላቀለበት የቡድን ፍጻሜ ነበር፤ ፈረንሳይ 4 ለ 1 አሸነፈቻቸው። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ በክለብ የተመዘገበው ጁዶ ተጫዋች ከጃፓኑ ይበልጣል።

ስሜቱ ለኛ እንግዳ አይደለም። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ወርቅ በኋላ የወንዶቹ የኦሊምፒክ ማራቶን 24 ዓመት አልመጣም። ኬንያ ወሰደችው፣ ጣሊያን ወሰደችው፣ ኡጋንዳም ወሰደችው፤ እኔም ካፌ ቁጭ ብዬ «ይሄ እኮ የኛ ነው» ስል ነበር። የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በ2024 ፓሪስ ላይ ጃፓንና ፈረንሳይ በዚያው የቡድን ፍጻሜ ተገናኙ። 3 ለ 3 ሆነው ዕጣ ሲወጣ ዕጣው ለከባድ ሚዛኖቹ ደረሰ፤ ቴዲ ሪነር ሳይቶን ጣለው። ታምራት ቶላ እዚያው ከተማ ማራቶኑን ያሸነፈው በሳምንቱ ነው።