ከጭቃ በሬ እስከ ሽቦ መኪና

 በደጋው አገር የእረኛ ልጆች ጥንታዊ መጫወቻ ከጭቃ የሚቀረጽ በሬና ፈረስ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጎንደርንና ደብረ ታቦርን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ተሠራ። እንዲህ ባለ መንገድ የጭነት መኪና በኢትዮጵያ በተለመደበት ሁሉ ልጆች አምሳያውን ይሠራሉ፤ አካሉ ከሽቦ ይታጠፋል፣ ጎማው ከቆርኪ ወይም ከአሮጌ ሸበጥ ይቆረጣል፣ መሪው ረጅም ዘንግ ነው። ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ሞተር ከባትሪ ድንጋይ ጋር ሲገናኝለት መጫወቻው በራሱ ይሄዳል።

በዴንማርክ ደግሞ መጫወቻ አምራቹ የሌጎ ኩባንያ የዛሬውን ቅርጽ የያዘ ተገጣጣሚ ጡቡን በ1958፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡሩን በ1966 እ.ኤ.አ. አወጣ። ሌጎ ልጁን የተዘጋጀ ክፍል በመገጣጠም ያስተምረዋል፤ የሽቦ መኪና ግን እያንዳንዱን ክፍል ራሱ እንዲፈጥር ያደርገዋል።