ሂርሽስፕሩንግ፡ የአንጀት ነርቭ ጉድለት የሚያስከትለው የጨቅላ ሕፃናት ሕመም

ሂርሽስፕሩንግ በመባል የሚታወቀው ሕመም በትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ሊኖሩ የሚገባቸው የነርቭ ሕዋሳት ባለመኖራቸው ምክንያት የሚከሰት ሲሆን፣ በሕይወት ከሚወለዱ 5 ሺህ ያህል ሕፃናት አንዱ ከዚሁ ችግር ጋር ይወለዳል። በወንዶች ላይ የሚታየውም ከሴቶች አራት እጥፍ ገደማ ነው።

የአንጀት ግድግዳ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳትን የያዘ ሲሆን፣ እነዚህ ሕዋሳት የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቁ የአንጀትን እንቅስቃሴ ይመራሉ። ምግብ በሚያልፍበት ጊዜ ከበስተኋላ ያለው ጡንቻ እንዲኮማተር፣ ከፊት ያለው ደግሞ እንዲላላ ያደርጋሉ። ሕዋሳቱ ከአምስተኛው እስከ አስራ ሁለተኛው የጽንስ ሳምንት ባለው ጊዜ ከላይ ወደ ታች እየተጓዙ መላውን አንጀት ያዳርሳሉ። ጉዞው በመካከል ሲቋረጥ ግን ቀሪው ክፍል ያለ ነርቭ ስለሚቀር ተኮማትሮ ይኖራል፤ ዓይነ ምድርንም አያሳልፍም። ለዚህም ሬት የተባለው ዘረመል መዛባት አንዱ ምክንያት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1994 ታውቋል። ሕመሙ ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሕፃናት ላይም በብዛት ይታያል።

ሕመሙ ስያሜውን ያገኘው ከዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ ነው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1886 በርሊን ውስጥ፣ በድርቀት ምክንያት የሞቱ የሁለት ሕፃናትን ታሪክ ሲያቀርብ የችግሩ መንስኤ የተነፋው አንጀት እንደሆነ አመልክቶ ነበር። በዚህም የተነሳ ቀዶ ሐኪሞች ለበርካታ ዓመታት የተነፋውን ክፍል ቆርጠው ሲያወጡ ቢቆዩም፣ ድርቀቱ ተመልሶ ይመጣ ነበር። የተነፋው ክፍል የታችኛውን መዘጋት ለማሸነፍ የሚታገል፣ ነርቭ ያለው አንጀት ሲሆን፣ ሕመሙ ያለው ግን ጠባብ ሆኖ በሚታየው ክፍል ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኦርቫር ስዌንሰን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1948 ይህንኑ ጠባብ ክፍል አውጥቶ ጤናማውን አንጀት ወደ ፊንጢጣ በማውረድ የሚገጥም ቀዶ ሕክምና ይፋ አደረገ። የዛሬው ሕክምናም በዚሁ መርሕ ላይ የተመሠረተ ነው።

በጊዜው የተወለደ ጤናማ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ጥቁር አረንጓዴ ዓይነ ምድር ያወጣል። 48 ሰዓታት አልፎ ካላወጣ፣ ሆዱ ከተነፋና አረንጓዴ ትውከት ካስመለሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባል። ጉድለቱ ያለበት ክፍል አጭር ሲሆን ግን ሕመሙ ለወራት ወይም ለዓመታት ተራ ድርቀት መስሎ ሊቆይ ይችላል።

ሕመሙ የሚረጋገጠው ከደንዳኔ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመርና የነርቭ ሕዋሳት አለመኖራቸው ሲታይ ነው። እንደ ሕፃኑ ሁኔታ ቀዶ ሕክምናው በአንድ ጊዜ ይከናወናል፤ አለበለዚያ አስቀድሞ በሆድ ላይ ጊዜያዊ የዓይነ ምድር መውጫ ይዘጋጃል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የአንጀት ብግነት ሲሆን፣ ትኩሳት፣ የሆድ መነፋትና መጥፎ ሽታ ያለው ተቅማጥ ምልክቶቹ ናቸው። ብግነቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሊከሰትና በፍጥነት ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። በወቅቱ የታከሙ አብዛኞቹ ሕፃናት ግን እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ።