ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ሕክምና እና ችፌ

ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ሕክምና ታካሚው በታሸገ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ከመደበኛው የአየር ግፊት በላቀ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን የሚተነፍስበት የሕክምና ዓይነት ነው። ለባሕር ጠላቂዎች የግፊት ሕመም፣ በታፈነ ቤት ከሚጨስ ከሰል ለሚመጣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ እንዲሁም አልድን ላሉ አንዳንድ የስኳር ሕመም የእግር ቁስሎች ያገለግላል። ለችፌ ወይም ኤክዜማ ግን የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም።

አሠራር

በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 አትሞስፌር ይደርሳል። በዚህ ግፊት ኦክስጅን በቀይ የደም ሴሎች ከመጓጓዙ በተጨማሪ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ በብዛት ስለሚሟሟ፣ የደም ዝውውር ወደተዳከመበት የሰውነት ክፍል ሊደርስ ይችላል። የቦታው ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። በዚያ ክፍሉን ወደ 2 አትሞስፌር ለማድረስ የአካባቢውን ግፊት 2 ተኩል እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለችፌ ያለው ማስረጃ

ችፌ ቆዳን የሚያደርቅ፣ የሚያቀላና የሚያሳክክ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሕመም ነው። አቶፒክ የተባለው ዓይነት ከዘር ውርስ፣ ከቆዳ መከላከያ ሽፋን መዳከምና ከበሽታ መከላከል ሥርዓት መቆጣት ጋር ይያያዛል፤ መነሻው የኦክስጅን እጥረት አይደለም። በአይጦችና በጥቂት ሕሙማን ላይ የተደረጉ ትንንሽ ጥናቶች የመሻሻል ምልክት ቢያሳዩም፣ ሕክምናውን ለችፌ ለመፍቀድ የሚበቁ አይደሉም።

ጉዳቶች

ግፊቱ የጆሮ ታምቡርንና ሳንባን ሊጎዳ፣ ዕይታን ለጊዜው ሊቀይር፣ አልፎ አልፎም የሚጥል ሕመም መሰል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ኦክስጅን በበዛበት ክፍል ውስጥ ትንሽ ብልጭታ እንኳ ከባድ እሳት ታስነሣለች።

የተለመደው ሕክምና

የችፌ ሕክምና መሠረቱ ቆዳን በቫዝሊን ወይም በሌላ ማለስለሻ አዘውትሮ መቀባትና ከሚያስቆጡ ነገሮች መራቅ ነው። ሕመሙ ሲነሣ ሐኪም ስቴሮይድ ያለው ቅባት ያዝዛል፤ ለጠናበት ደግሞ የብርሃን ሕክምና ወይም የሚዋጥና በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ጭርትና እከክ ከችፌ ጋር ስለሚመሳሰሉ አስቀድሞ መመርመር ይገባል፤ ጭርት ላይ ስቴሮይድ ብቻውን ሲቀባ ምልክቱ ይደበቃል፣ ሕመሙም ይስፋፋል።