ከትምህርት ቤት ደጃፍ እስከ መሥሪያ ቤት ደጃፍ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ፣ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የተጻፈው ብዙ ስለ ሆነ፣ እኛ ጥቂት የተጻፈበትን ነገር መረጥን፤ ይኸውም ዐይነ ስውር የሆነ፣ መስማት የተሳነው ወይም እግሩ የሰለለ ወጣት ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በአገራችን እንዴት እንጀራውን ሲያገኝ እንደ ኖረ የሚገልጸው ታሪክ ነው። ነገሩ ከገረሴ የራቀ አይደለም። እንዲህ ያሉ ጓደኞች ከእኛ ጋር ይማራሉ፤ ፈተናም አብረን እንቀመጣለን፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል።

አስቀድመን ስለ ስም ጥቂት እንበል። በአያቶቻችን ዘመን በወጡት ጋዜጦችና ሕጎች ላይ «ዕውራን»፣ «ደንቆሮዎች»፣ «አካለ ስንኩላን» የሚሉት ቃሎች እንደ ማንኛውም ቃል ይጻፉ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰሚውን ያሳፍራሉ። እኛም የዛሬውን አጠራር እንይዛለን፤ የቀድሞውን የምናነሣው ታሪኩ ሲያስገድደን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ስም ተራ ነገር እንዳይመስል፣ በሕግ ውስጥ የገባ አንድ ትርጓሜ የሰውን እንጀራ ሊከፍትም ሊዘጋም እንደሚችል ወደ ታች እናሳያለን።

ከሁሉ የቀደመው መንገድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። በጎጃምና በጎንደር በነበሩት የዜማና የቅኔ ጉባኤዎች ዐይነ ስውር ተማሪ ብርቅ አልነበረም። ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ፣ ዐይን የሌለው ተማሪ ከጓደኛው እኩል ይቀጽላል፤ አንዳንዱም በቃል አያያዙ ይበልጣል። ከነዚህም መካከል መሪጌታ የሆኑ፣ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩ ብዙ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሥርዓት የሚማሩበት ቤትና የሚያገለግሉበት ቤት አንድ ዓይነት ነበር። ተማሪው ሲጨርስ ወደ ማያውቀው ዓለም አይወጣም፤ መምህሩ ያውቀዋል፣ ደብሩም ድምፁን ሰምቶታል። ከትምህርት ወደ ሥራ መሻገሪያ የሚባል የተለየ ነገር አላስፈለገም። መንገዱ ግን ጠባብ ነበር፤ በአብዛኛው ለወንዶች፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ፣ ያውም ለአንድ ሃይማኖት ሰዎች።

በእኛ በጋሞ ደጋ ደግሞ የዚህ አምሳያ የሆነው ሽመና ነው። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ይማራል፤ መማሩና መሥራቱም አይለይም። ሸማኔ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል። ስለዚህ መስማት የተሳነው ልጅ ዐይኑና እጁ ደኅና ስለ ሆነ ከማንም እኩል ይሸምናል። በልጅነት ልምሻ እግሩ የሰለለው ግን መርገጫው ይቸግረዋል፤ ክር ማጠንጠንና ቀሰም መሙላት ይችላል፣ ሸማውን ራሱ መሥራት ግን ይከብደዋል። መርገጫው በእጅ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ጉዳት የምንለው ነገር ግማሹ በሰውየው አካል፣ ግማሹም በሥራው ዕቃ ውስጥ እንዳለ እኛ የተማርነው ከዚህ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት የመጣው በሚሲዮናውያን እጅ ነው። በወለጋ በደምቢ ዶሎ የአሜሪካ ሚሲዮን በ1917 ዓ. ም. ገደማ ዐይነ ስውራንን ማስተማር ጀመረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሰበታው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1950ዎቹም በአዲስ አበባ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ተጀመረ። ለእኛ ወገን ቀረብ የሚሉት በሻሸመኔ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤትና በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የከፈተችው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ናቸው። ቀረብ የሚሉ ስንል በካርታ ነው፤ ከጋሞ ደጋ ለሚነሣ የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ መለየት ማለት ነው።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ብሬልንና የምልክት ቋንቋን፣ ሒሳብንና የእጅ ሥራን አስተማሩ። ተማሪው ሲወጣ ግን ማን ይቀበለው? በተግባር የተከፈቱት በሮች ጥቂት ነበሩ። አንደኛው መምህርነት ነው፤ ዛሬም በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አማርኛንና ታሪክን የሚያስተምሩ ዐይነ ስውራን መምህራን አሉ። ሁለተኛው የስልክ ኦፕሬተርነት ነው፤ በመሥሪያ ቤቶች የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጠው ጠሪውን ከተጠሪው የሚያገናኙ ዐይነ ስውራን ነበሩ፤ ጆሮና የማስታወስ ችሎታ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ በሚገባ ተስማምቷቸዋል። ይሁን እንጂ አውቶማቲክ ስልክ፣ ቀጥሎም የእጅ ስልክ ሲመጣ የስልክ ማዞሪያው ከነወንበሩ ከየመሥሪያ ቤቱ ተነሣ። ወጣቶችን ለአንድ ሥራ ብቻ ማዘጋጀት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አናገኝም።

በ1952 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። በአዲስ አበባም አካል ጉዳተኞች ጥላ እየሠሩ ደመወዝ የሚያገኙበት ፋብሪካ ነበረ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ለብዙ ሰው ከልመና መውጫ ሆኗል። ግን ፋብሪካው ብቻውን የቆመ ደሴት ነበር፤ ከዚያ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚያሻግር መንገድ አልነበረውም።

በ1963 ዓ. ም. በትእዛዝ ቁጥር 70 አካለ ስንኩላንን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ተመሠረተ። ትእዛዙ አካለ ስንኩል ማለት በአካል ወይም በአእምሮ ጤንነት ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ለማግኘት የማይችልና የሚረዳው ሰው የሌለው ነው ሲል ይተረጕማል፤ በልጅነት ወይም በእርጅና ሠርቶ መብላት ያልቻለውንም ከዚሁ ይቈጥረዋል። እንግዲህ በዚህ ትርጓሜ መሠረት በሰበታ ተምሮ ደመወዝ የሚበላው ዐይነ ስውር መምህር አካለ ስንኩል አይደለም ማለት ነው፤ አካለ ስንኩል የተባለውም ሠርቶ ይበላል ተብሎ አይጠበቅም። ሰው ዕርዳታ ለማግኘት በመጀመሪያ የማይችል መሆኑን ማስመስከር ነበረበት። በደርግ ዘመን ደግሞ አሳቡ ሁሉ በጦር ሜዳ ወደ ቈሰሉት ወታደሮች አዘነበለ፤ በደብረ ዘይት አጠገብ ጀግኖች አምባ የተቋቋመው በዚያን ጊዜ ነው። በ1983 ዓ. ም. አገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ሥልጠናና ቅጥር የሚናገረውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 159 ተቀበለች።

በ1986 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 በአገራችን የአካል ጉዳተኞችን የመሥራት መብት በስሙ የጠራ የመጀመሪያው ሕግ ነው። ይህ አዋጅ አንዳንድ የሥራ ቦታዎች ለአካል ጉዳተኞች ተለይተው እንዲቀመጡ ያደርግ ነበር። አሳቡ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ እንግሊዝ በ1936 ዓ. ም. (በእነሱ 1944) ባወጣችው ሕግ 20 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ ከመቶ 3 አካል ጉዳተኞችን እንዲይዝ አዝዛ ነበር። ከዚያም በላይ ሁለት ሥራዎችን ለእነሱ ብቻ ለየች፤ አንዱ የአሳንሰር አንቀሳቃሽነት፣ ሁለተኛው የመኪና ማቆሚያ ጠባቂነት ነው። ጦር ሜዳ የዋለ መሐንዲስ እግሩን ቢያጣ ሕጉ በተለይ ያስቀመጠለት ይህንን ነበር! ስጦታው በጎ ቢመስልም፣ ከዚህ የበለጠ አትችልም የሚል ቃል በውስጡ አለበት።

የእኛ ሕግ አውጪዎች ይህን ተረድተዋል። በ2000 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የቀድሞውን ሲሽር ምክንያቱን በመግቢያው ላይ ገልጿል፤ ቦታ ለይቶ መተው አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት አይችሉም የሚል ግምት እንዳሳደረ ይናገራል። ትርጓሜውም ተገለበጠ። በአዲሱ አዋጅ አካል ጉዳተኛ የሚባለው ካለበት ጉዳት ጋር ማኅበራዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ባህላዊ መድልዎ ተደርቦ እኩል የሥራ ዕድል ያጣ ሰው ነው። በ1963ቱ ትርጓሜ ሰውየው አልቻለም፤ በ2000ው ተከለከለ። ሥራውን ለመሥራት ረዳት ቢያስፈልገው ቀጣሪው እንዲመድብለት፣ ነጥቡ ከሌላው ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ እንዲሰጠው አዋጁ ያዛል። በ2002 ዓ. ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የአገራችን ሕግ ሆነ።

በዚህ ዘመን ከተነሡት መካከል ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በ1974 ዓ. ም. በወሎ በሳይንት ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጣች። በገጠር ሴት ልጅ በልጅነት በምትዳርበት አገር፣ ዐይነ ስውር መሆኗ ከዚያ ዕጣ እንዳዳናት ራሷ ተናግራለች። በሻሸመኔ ተማረች፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄዳ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩት ጋር ተቀመጠች፤ በ1998 ዓ. ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና የልማት ማእከልን ካቋቋሙት አንዷ ስትሆን፣ በ2010 ዓ. ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እኛን ይበልጥ የሳበን ሽልማቱ አይደለም፤ ከልዩ ትምህርት ቤት ወጥታ ከሁሉም ጋር መማሯ ነው። ዳኛና ጠበቃ፣ ቀጣሪና ሹም የሚሆኑት አብረዋት በአንድ ወንበር የተቀመጡት ናቸው፤ አብሮ የተማረ ሰው ዐይነ ስውር ሠራተኛ ምን እንደሚችል አይጠይቅም፤ ያውቀዋልና።

ነገር ግን ሁሉ የትነበርሽ አይሆንም፤ የሚያይም ቢሆን። የ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተፈተኑ ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የቀረነው ሁሉ እንጀራችንን የምንፈልገው በሙያ ማሠልጠኛ፣ በንግድ ወይም በእርሻ ነው። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 568 ቅድሚያ የሚሰጠው ለሥራው የሚፈለገውን ሙያ ላሟላ ሰው ነው። መስማት የተሳነው ወጣት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በሌለበት ማሠልጠኛ ገብቶ ሙያውን ካላገኘ፣ የሕጉ በር ቢከፈትም አይደርስበትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው በ2001 ዓ. ም. ነው፤ ከዚያ የወጡት ለየወረዳው እስኪዳረሱ ገና ብዙ ይቀራል። የሥራ ማስታወቂያም በሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ ዐይነ ስውሩ አያነበውም፣ ሰሌዳው ከደረጃ በላይ ከሆነም ክራንች የያዘው አይደርስበትም። ትምህርት ቤት ኀላፊነቱ በፈተና ያበቃል፤ የሕጉ ኀላፊነት በቅጥር ይጀምራል፤ በመካከል ያለውን ዓመትና ሁለት ዓመት ግን የእኔ ነው የሚል መሥሪያ ቤት የለም። በቀድሞው የዜማ ጉባኤ ይህ ክፍተት አልነበረም።

ወደ አገራችን ደጋ እንመለስ። በጋሞና በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትምህርት ዕድሜ ነው፤ ተማሪውም እፍረቱን ስለሚፈራ ከክፍል ይቀራል። በወላይታ ሶዶ የተመሠረተው ሞሲ ፉት የተባለ ማኅበር ሕመምተኞቹን ከማከም ጋር ጫማ ሥራ ያስተምራቸው ነበር። ሕክምናው፣ ሙያውና ገበያው በአንድ ሰፈር ተገኙ፤ ሠልጣኙ የሚሠራው ጫማም የሌላውን ልጅ እግር ይጠብቃል። በአርባ ምንጭ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠራ የተሐድሶ ማእከል አለ። ከገረሴ ወደዚያ መውረድና ዳገቱን መልሶ መውጣት ቀላል ባይሆንም፣ ለመማርም ለመሥራትም መጀመሪያው መራመድ የሆነ ወጣት የሚነሣው ከዚያ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ አንድ ነገር አስተውለናል። የትምህርት ቤት መዝገብ ማን እንደ ገባ፣ ማን እንዳለፈና ማን እንዳቋረጠ ይጽፋል፤ ከወጣ በኋላ ምን እንደ ሠራ ግን አይጽፍም። ስለዚህ ክበባችን ከዘንድሮ ጀምሮ አንድ ትልቅ ደብተር ከፍቷል። ይህን መጽሔት የምታነቡ የቀድሞ ተማሪዎች፣ አካል ጉዳተኛ የሆናችሁም ያልሆናችሁም፣ በምን ሥራ ላይ እንዳላችሁ፣ ሥራውንም በማን በኩል እንዳገኛችሁ ጽፋችሁ ብትልኩልን በየክፍሉ እናነበዋለን። መጻፍ የማይመቻችሁ በቃል ብትነግሩን እኛ እንጽፋለን። ደብተሩ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ከመግቢያው በስተ ቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።