የአርኪዮሎጂ እንጨት ፎቶግራሜትሪ

የአርኪዮሎጂ እንጨት ፎቶግራሜትሪ ማለት ከቁፋሮ ወይም ከውኃ ሥር የወጣ ጥንታዊ እንጨትን ከብዙ አቅጣጫ ፎቶ በማንሳት፣ ፎቶዎቹንም በኮምፒዩተር በማዛመድ፣ ቅርጹንና መጠኑን የጠበቀ ባለ ሦስት አውታር ሞዴል የመሥራት ዘዴ ነው።

ለምን ያስፈልጋል?

ለብዙ ዘመናት ውኃ ወይም ረግረግ ውስጥ የቆየ እንጨት ላዩን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ነገር ግን ከሴሉሎሱ አብዛኛው በባክቴሪያ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቅርጹን ደግፎ የያዘው ውኃው ነው። ውኃው ሲተን እንጨቱ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ባሕር ዳርቻ በ1998 እ.ኤ.አ. የታወቀው «ሲሄንጅ» ጥሩ ምሳሌ ነው። 55 የኦክ ዛፍ እንጨቶች ሥሩ ወደ ላይ የተገለበጠ አንድ ጉቶ ከበው ቆመው ነበር። ከዓመታዊ ቀለበቶቻቸው በ2049 ዓክልበ. እንደተቆረጡ ታውቋል። የነሐስ መጥረቢያዎች የተዉት ምልክት ገና አልጠፋም ነበርና፣ ተመራማሪዎች የስለቶቹን ልዩነት አይተው ወደ 50 የሚጠጉ መጥረቢያዎችን ለይተዋል። በዚያን ጊዜ ለቅጂው ሌዘር ስካነር ሠርቷል፤ ዛሬ ተራ ካሜራም ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል።

አነሳሱ

እያንዳንዱ የእንጨቱ ነጥብ ቢያንስ በሁለት፣ ቢቻል በሦስትና ከዚያ በላይ ፎቶዎች መታየት አለበት። ስለዚህ ጎረቤት ፎቶዎች ከ60 እስከ 80 በመቶ ይደራረባሉ። ዙም አይነካም። እንጨቱ በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የጀርባው ምስል መሸፈን ይኖርበታል፤ አለዚያ ሶፍትዌሩ እንጨቱን ትቶ የማይንቀሳቀሰውን ግድግዳ ይከተላል።

ከፎቶ ብቻ የተሠራ ሞዴል መጠን የለውም። የመርከብ ምሰሶና የጥርስ መፋቂያ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ። ርዝመታቸው በትክክል የታወቀ ሁለት ማስመሪያዎች አጠገቡ ይቀመጣሉ፦ አንዱ መጠኑን ለመስጠት፣ ሌላው ውጤቱን ለመፈተሽ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የእርጥብ እንጨት ችግር

እርጥብ እንጨት ያብረቀርቃል። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ነጸብራቁም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ሶፍትዌሩ ግን የእንጨቱ አካል መስሎት የሌለ እብጠት ወይም ጉድጓድ ይፈጥራል። ስህተቱንም አይናገርም፤ የሚያምር ግን የተሳሳተ ሞዴል ያስረክባል።

ለጀማሪ ቀላል የሚመስለው መፍትሔ እንጨቱን ማድረቅ ነው፤ ይህ ግን ሊቀረጽ የተፈለገውን ቅርጽ ራሱን ያጠፋል። ትክክለኛው የላዩን ውኃ በስፖንጅ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ በመብራቱና በሌንሱ ላይ እርስ በርስ የተሻገሩ ፖላራይዘሮችን ማድረግ፣ በየመካከሉም ውኃ መርጨት ነው። የላሸቀ እንጨት ሲገለበጥ በራሱ ክብደት ሊጎብጥ ስለሚችል የታችኛው ገጽ የሚነሳው በድጋፍ ላይ ሆኖ ነው፤ ካልሆነ ሁለቱ ገጾች አይገጥሙም።

ከሞዴሉ ጋር ዋናዎቹ ፎቶዎችም ይቀመጣሉ። የተሻለ ሶፍትዌር ሲመጣ እንደገና ማስላት ይቻላል፤ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ግን እንደገና ማንሳት አይቻልም።